በስስ አየር አገር የቮልስን የአየር ማስገቢያ በቤት ማሻሻል

አንድ ኪሎ ቤንዚን በሞተር ውስጥ በወጉ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ለአንድ ሊትር የሚያስፈልገው አየር 11 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህ አየር በባሕር ጠረፍ 9 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ሲይዝ፣ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ በሚጠጋው የደላንታ አምባ ላይ ግን ስስ ስለሚሆን 13 ሜትር ኩብ ገደማ ይሞላል። የሲሊንደሩ ስፋት በየትም አገር ያው በመሆኑ፣ ፒስተኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚስበው አየር ይዞታው ሳይለወጥ ክብደቱ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት አለው ብሎ ያወጣው የ1300 ቮልስዋገን ሞተር የደላንታዋ ወገል ጤና ሲደርስ 30 እንኳ የማይሞላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ጉዳቱ እዚያ ጥቂት ቀለል ይላል እንጂ አይቀርም።

የአየር ማስገቢያ የሚባለው ከውጭ የሚሳበው አየር በፊልትሮ ተጣርቶ፣ በካርቡሬተር ውስጥ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ፣ ማኒፎልድ በሚባለው ቧንቧ ተከፋፍሎ ሲሊንደሩ አፍ ላይ እስካለው ቫልቭ ድረስ የሚሄድበት መንገድ በሙሉ ነው። ይህን መንገድ ማሻሻል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የፋብሪካውን ፊልትሮ አውጥቶ በምትኩ የሚያብለጨልጭ፣ ሾጣጣ፣ ክፍት ፊልትሮ መግጠምን ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ድምፅ ይጨምራል፤ ጉልበት ግን አይጨምርም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በቮልስ ላይ የአየሩ መንገድ የሚጠበው ከፊልትሮው ሥር ባለው ካርቡሬተር ላይ ስለሆነ፣ ከበላዩ ያለውን ብቻ ማስፋት አንገቱ የጠበበ እንስራን አፉን እንደ ማስፋት ይቆጠራል። በደጋ አገር የሚያዋጣው ማሻሻያ ያለውን ጥቂት አየር አጥርቶ፣ በሞተሩ ሙቀት ሳያሳሱ ማስገባትና የቤንዚኑን ፍሰት በዚያው አየር ልክ መቀነስ ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ በግቢ ውስጥ፣ በእጅ መሣሪያ ሊሠራ የሚችል ነው።

ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ሁሉ ጠባያቸው ቢቀራረብም፣ እዚህ ቮልስ ለምሳሌነት የተመረጠችው አሠራሯ ግልጽ፣ ዕቃዋም በአገር ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ ነው። የመጨረሻዋ የዚህ ዓይነት መኪና ሜክሲኮ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር ሌሎች የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ስለዚህ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና አክሞ መያዝ ከትዝታ ያለፈ ትርጉም አግኝቷል። የጎደለ ዕቃ ሲኖር አዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ ያለው ሶማሌ ተራ ዛሬም የመጀመሪያው የመፈለጊያ ቦታ ነው።

ወደ ሥራው ከመገባቱ በፊት ስለ አቧራው አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ወገል ጤና እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ስሟ በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ የታወቀው በኦፓል ነው፤ ኦፓል ሲሊካ የተባለው ማዕድን ከውሃ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጠር ድንጋይ ሲሆን፣ ውሃ የሌለበት የሲሊካ ዓይነት የሆነው ኳርትዝ ደግሞ በተራ አሸዋና በመንገድ አቧራ ውስጥ ይገኛል። ኳርትዝ የማዕድናት ጥንካሬ በሚመዘንበት የሞስ መለኪያ 7 ላይ ስለሚውል ከተራ ብረት ይጠነክራል፤ ከፊልትሮው አምልጦ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ብናኝ ከዘይት ጋር ተለውሶ ፒስተኑ በተመላለሰ ቁጥር ግድግዳውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ጠጠር መንገድ ላይ ከአይሱዙ ኋላ ለሚከተል መኪና ክፍት ፊልትሮ መግጠም የማይመከርበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ዝግጅት

ሥራው ግማሽ ቀን ያህል ይወስዳል። ሞተሩ ፈጽሞ መብረድ ስላለበት መኪናዋ ማታ ቆማ ጠዋት ቢጀመር ይመረጣል። የሚያስፈልጉት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ከ8 እስከ 14 ቁጥር ያሉ ቁልፎች፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ሳፋ፣ አንድ ሊትር ያህል ላምባ፣ ክር የማይተው ንጹሕ ጨርቅ፣ ከእንጨት የተጠረበ ስንጥር፣ ኤስ.ኤ.ኢ. 30 የሆነ አዲስ የሞተር ዘይት፣ የተለያየ ስፋት ያላቸው ፋሸታዎች፣ ለካርቡሬተሩ መቀመጫ የሚሆን አዲስ ጓርኒሲዮንና ፀጉር ቤት ያለውን የመሰለ የውሃ መርጫ ናቸው።

የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ማንኛውም ነገር ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ይነቀላል። ሥራው የሚሠራው ጣራ በሌለው ቦታ ሲሆን፣ በግቢው ውስጥ ቡና የሚፈላ ከሆነ ከሰሉ ከመኪናዋ ርቆ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ በኩል መቀመጥ አለበት፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሩቅ ያለ እሳት ሊያገኝ ይችላልና። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ በቅርብ ይቀመጣል። ከቤንዚን ፖምፓው ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው የጎማ ቧንቧ ታጥፎ ሲታይ ላዩ የተሰነጣጠቀ ከሆነ፣ ሌላው ሥራ ሁሉ ቆይቶ መጀመሪያ እርሱ ይለወጣል። ይህ ቧንቧ በጋለ ሞተር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የአሮጌ ቮልሶች ቃጠሎም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ነው።

በዘይት የሚሠራው ፊልትሮ

እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ቮልሶች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ፊልትሮ ወረቀት የለበትም፤ ድስት የመሰለ ቆርቆሮ ሆኖ ከታች ዘይት፣ ከላይ ደግሞ የተጠላለፈ የክር ጉንጉን ይዟል። አየሩ ከላይ ወደ ዘይቱ ተወርውሮ ይወርድና ዘይቱ ላይ ሲደርስ በድንገት ወደ ላይ ይታጠፋል፤ አየር ቀላል ስለሆነ መታጠፍ ይችላል፣ ከባዱ አቧራ ግን መታጠፍ ስለማይችል ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል፤ የተረፈው ደቃቅ ብናኝ በዘይት በራሰው ጉንጉን ላይ ይያዛል። ብዙ ሰዎች ይህን ፊልትሮ ያረጀና እጅ የሚያቆሽሽ አድርገው በመቁጠር አውጥተው ይጥሉታል። ለአስፋልት ከተማ ውሳኔው ላያስወቅስ ይችል ይሆናል፤ ለደላንታና በላሊበላ ዙሪያ ላለው ለላስታ መንገድ ግን ስሕተት ነው፤ ይህ ፊልትሮ ሲሞላ የአየሩን መንገድ ብዙም አያጠብም፣ መለዋወጫም አይፈልግም፣ ጥቂት ዘይት ባለበት ሁሉ ይታደሳል።

ሲፈታ መጀመሪያ ከጎኑ የተሰኩት ቧንቧዎች ይነቀላሉ፤ አንደኛው የሞተሩን የውስጥ ትነት የሚያመጣው ቀጭን ቧንቧ፣ ሌላው ከሞተሩ ሥር ሞቅ ያለ አየር የሚያመጣው ወፈር ያለ ቧንቧ ነው፤ ሁለቱም ተመልሰው የሚገቡበት ቦታ በጠመኔ ምልክት ቢደረግበት ጥሩ ነው። ቀጥሎ ፊልትሮውን ከካርቡሬተሩ አንገት ጋር የያዘው ፋሸታ ይላላና ፊልትሮው ዘይቱ እንዳይፈስ ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይነሣል። የካርቡሬተሩ አፍ በዚያው ቅጽበት በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይኖርበታል፤ እዚያ የወደቀች አንዲት ዳዶ ሞተር ታስፈታለች።

የጎኑ መቆንጠጫዎች ሲከፈቱ ድስቱ ለሁለት ይለያል። የላይኛው ክፍል እንደነበረ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል፤ ከተገለበጠ በጉንጉኑ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ዘይት ወደ ንጹሑ ጎን ይሄድና ኋላ ሞተሩ ይጠጣዋል። ከታች በኩል ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በደረቀ ጭቃ ተደፍነው ከተገኙ በእንጨት ስንጥር ይጫራሉ እንጂ በብረት አይነኩም። የታችኛው ክፍል ዘይት በጀሪካን ይገለበጣል፤ ከሥሩ የረጋው አተላ ምን ያህል እንደሆነ በስንጥሩ ቢለካ ስለ መንገዱም ስለ ባለቤቱም ብዙ ይናገራል፤ ግማሽ ጣት ያህል ከወፈረ ዘይቱ መለወጥ ከነበረበት ጊዜ እጅግ ዘግይቷል ማለት ነው። አተላው ተጠርጎ ድስቱ በላምባ ይታጠብና ፈጽሞ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ይቆያል። ከዚያ አዲስ ዘይት በውስጥ በኩል እስከተሠመረው ምልክት ድረስ ይጨመራል። ምልክቱን ማለፍ ዘይቱ በአየሩ እየተጎተተ ወደ ካርቡሬተሩ እንዲገባ፣ ማጉደልም አቧራው ዘይቱን ሳይነካ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ልኩ የሚታየውም ድስቱ በደልዳላ ቦታ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ከሞተር የወጣ ጥቁር ዘይት ለዚህ አይሆንም። በበጋ፣ ጠጠር መንገድ በሚበዛበት ጊዜ፣ በየሁለት ሳምንቱ ተከፍቶ ቢታይ አይበዛበትም፤ ክረምት ላይ በወር አንዴ ይበቃል።

ዋናው ፊልትሮ ጠፍቶ በወረቀት ፊልትሮ ለሚሄድ ሰው የሚመከረው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ጠርዙ በጎማ የሚገጥም ዓይነት ነው። የወረቀቱ ጤንነት ከውስጥ በኩል የእጅ መብራት አብርቶ ይታያል፤ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብርሃን ብትወጣ ይጣላል። ወረቀቱ አይታጠብም፤ በኮምፕረሰር ቢነፋም ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ፣ ከራቅ ብሎ መሆን አለበት።

ለማንኛውም ዓይነት ፊልትሮ የሚያገለግል ቀላል መፈተኛ አለ። ፊልትሮው ተመልሶ ከመገጠሙ በፊት፣ ከፊልትሮው ወደ ካርቡሬተሩ በሚወስደው አንገት ውስጥ ንጹሕ ግሪስ እንደ ቅቤ በስሱ ይቀባል። ከሳምንት ጉዞ በኋላ አንገቱ ተከፍቶ ግሪሱ በሁለት ጣት መካከል ይታሻል። ለስላሳ ከሆነ ፊልትሮው ሥራውን እየሠራ ነው፤ እንደ ደቃቅ ጨው ከተንቋቋ ግን አቧራው በሆነ ቦታ እያለፈ ነውና ፋሸታውና ጠርዙ እንደገና ይመረመራሉ።

ሙቀትና ቅዝቃዜ

አየር በ3 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲሞቅ ክብደቱ በ1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ተቀምጦ በዙሪያው በቆርቆሮ የተከለለ ሲሆን፣ የቆርቆሮው ጠርዝና የመኪናው አካል በሚገናኙበት መስመር ላይ የሚዞር ወፍራም የጎማ ጥብጣብ አለ። የጥብጣቡ ተግባር በጭስ ማውጫው አካባቢ የጋለው አየር ወደ ላይ ወጥቶ በኮፈኑ በኩል ከሚገባው ቀዝቃዛ አየር ጋር እንዳይደባለቅ መከልከል ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ ቮልሶች ላይ ይህ ጎማ ደርቆ ወድቋል ወይም ሞተር በወረደ ጊዜ ተጥሏል፤ ሞተሩም የራሱን ትኩሳት መልሶ ይስባል። በ30 ዲግሪ የሞቀ አየር የሚስብ ሞተር አሥር በመቶ ገደማ ጉልበቱን በከንቱ ሲያጣ፣ በአየር የሚበርድ ስለሆነም ሙቀቱ ራሱ ይጎዳዋል፤ ደጋው የሚወስደው 30 በመቶ ሳያንስ።

ስለዚህ ከማሻሻያዎች ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚሰጠው ይህን ጎማ መመለስ ነው። ዋናው ከታጣ የከባድ መኪና ካላማዳሪ በአምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት በረጅሙ ተቆርጦ፣ ለሁለት ታጥፎ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ሊሰካ ይችላል፤ የካላማዳሪ ጎማ ዘይት ሲነካው ስለሚያብጥ በየዓመቱ መለወጡ አይቀርም። የካንዴላ ገመዶች በቆርቆሮው የሚያልፉበት ቀዳዳ ላይ ያሉት የጎማ ቆቦችም የዚሁ ግድግዳ አካል ስለሆኑ ክፍት መተው የለባቸውም።

እዚህ ላይ ግን አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ቀዝቃዛ አየር ጉልበት ይሰጣል የሚለውን የሰማ ሰው፣ ወደ ፊልትሮው ሞቅ ያለ አየር የሚያመጣውን ወፍራም ቧንቧ ነቅሎ መጣል ይቀናዋል። ቤንዚን ሲተን ዙሪያውን ያቀዘቅዛል፤ በካርቡሬተሩ አንገት ላይ የሚደርሰው ቅዝቃዜ ከውጭው አየር 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ውጭው 10 ዲግሪ ሆኖ ጉም ባለበት በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ሠርቶ መንገዱን ይዘጋዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መኪናዋ በደንብ ተነሥታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ሚኒሞ አልይዝ ብላ ትጠፋለች፣ አሥር ደቂቃ ስትቆም በረዶው በሞተሩ ሙቀት ቀልጦ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ስንት ፖምፓና ስንት ካንዴላ በዚህ ምክንያት በከንቱ እንደተለወጠ ቢቆጠር ያስገርማል። ቧንቧው በቦታው ሆኖ፣ በፊልትሮው አፍ ላይ ያለችው መዝጊያ ሞተሩ ሲሞቅና አየር አብዝቶ ሲስብ በነፃነት ቀዝቃዛውን የምታስገባ መሆኗን በጣት ገፋ አድርጎ ማየት ይበቃል።

ከማኒፎልዱ ሥር ተጠግቶ የሚሄድ ሌላ ቀጭን ቧንቧም አለ፤ የጭሱን ትኩሳት ይዞ በካርቡሬተሩ ሥር በማለፍ ማኒፎልዱን ያሞቃል። በጥላሸት ሲደፈን ማኒፎልዱ ላይ ውርጭ እስኪታይ ድረስ ይቀዘቅዛል። ሞተሩ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከሠራ በኋላ በዚህ ቧንቧ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ ይረጫል፤ በሁለቱም በኩል ከጤሰ ክፍት ነው፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ ተደፍኗል። ማኒፎልዱ ወርዶ ጥላሸቱ በብስክሌት የፍሬን ሽቦ ሊጠረግ ይችላል፤ ብሎኖቹ ዝገው የመሰበር አዝማሚያ ካሳዩ ግን ለጋራዥ መተው ይሻላል።

የተሰወረ ቀዳዳ

ከካርቡሬተሩ በታች በስንጥቅ የሚገባ አየር ሳይጣራ፣ ቤንዚንም ሳይዝ ስለሚገባ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ሲፈተሽ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በካርቡሬተሩ መቀመጫ፣ በማኒፎልዱ ጫፎችና፣ ሁለት መግቢያ ባላቸው የኋለኞቹ ሞተሮች ላይ፣ በጎማ እጅጌዎቹ ዙሪያ ውሃ በመርጫ ይረጫል፤ ውሃው ቀዳዳውን ሲያገኝ የሞተሩ ድምፅ ለቅጽበት ይሰናከላል። አንዳንድ ሰዎች ለዚህ ቤንዚን ይረጫሉ፤ ከጋለ ጭስ ማውጫ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቤንዚን የሚረጭ ሰው ቤቱንም እንደሚያስይዝ ማወቅ አለበት። ጓርኒሲዮኑ ይለወጣል፣ ፋሸታዎቹ ይጠብቃሉ። የጋዙ ፔዳል የሚያሽከረክራት ዘንግ በካርቡሬተሩ ጎን ስትነቀነቅ ወዲያና ወዲህ የምትል ከሆነ መቀመጫዋ ተበልቷልና ቶርኖ ቤት ወስዶ ቡሽ ማስገባት የግድ ነው፤ ይህ ሳይሠራ የሚቀጥለው ምዕራፍ ትርጉም የለውም።

ቤንዚኑን በአየሩ ልክ መቀነስ

ካርቡሬተር የሚለካው የሚያልፈውን አየር ፍጥነት እንጂ ክብደቱን አይደለም። በዚህ የተነሣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው መጠን አይቀንስም፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገባው ከ15 እስከ 20 በመቶ የበለጠ ቤንዚን ያፈሳል። ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ዳገት ላይ መታነቅና የማይጠግብ ታንከር የዚህ ምልክቶች ናቸው። የቤንዚኑን ፍሰት የሚወስነው ጂግለር የሚባለው፣ መካከሉ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ሲሆን፣ በላዩ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ይናገራል፤ 125 የሚል ቀዳዳው 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ካርቡሬተሩ ላይ የሚነበበው ሶሌክስ 30 ፒክት ወይም 34 ፒክት የሚለው ቁጥር ግን የአንገቱን ስፋት ስለሚናገር ሁለቱ መምታታት የለባቸውም።

ዋናው ጂግለር የሚገኘው ቤንዚን በሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ክፍል ጎን፣ ከባለ ስድስት ማዕዘን መዝጊያ ብሎን በስተኋላ ነው። ከሥሩ ቆርቆሮ ተይዞ መዝጊያው ሲፈታ ጥቂት ቤንዚን ይፈሳል፤ ከዚያ በልኩ የሆነ ካቻቢቴ ገብቶ ጂግለሩ በቀስታ ይወጣል፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ያልገጠመ ካቻቢቴ አፉን ይበላዋል። በሒሳብ ብቻ ከሄዱ ለወገል ጤና ከፍታ የቀዳዳው ስፋት በ8 በመቶ ገደማ መቀነስ አለበት፤ 125 የነበረው ወደ 115 ይጠጋል ማለት ነው። ሆኖም በአየር ለሚበርድ ሞተር ጥቂት የተረፈ ቤንዚን ማቀዝቀዣው ስለሆነ፣ በአንድ ጊዜ ከ5 ቁጥር በላይ መውረድ አይገባም፤ በ120 ተሞክሮ ካንዴላው ከታየ በኋላ እንደገና በ2.5 ይቀነሳል። በአንዳንድ ቦታ እንደሚደረገው በጂግለሩ ቀዳዳ ቀጭን የመዳብ ሽቦ መክተት አይመከርም፤ ሽቦው ይንቀጠቀጣል፣ ፍሰቱም በየቀኑ ይለያያል።

ቤንዚኑ በጀሪካን የተገዛ ከሆነ በውስጡ ውሃና ደለል መኖሩ የተለመደ ነው፤ ጂግለሩ እንዳይደፈን ትንሽ የቤንዚን ፊልትሮ ከፖምፓው በፊት፣ ከመኪናዋ ሥር ይገባል። ከሞተሩ በላይ ባለው ቧንቧ ላይ መቀጠል የሚፈታ መገጣጠሚያ በጋለ ብረት ላይ ማንጠልጠል ነው።

ጂግለሩ ከተለወጠ በኋላ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞው ይስተካከላል። የድብልቁ ብሎን ሞተሩ መሰናከል እስኪጀምር ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ድምፁ እስኪለሰልስ ወደ ውጭ ይዞራል። በ34 ፒክት ላይ የሞተሩ ፍጥነት የሚስተካከለው በጎን ባለችው ትልቋ የአየር ብሎን ስለሆነ የፔዳሉን ማቆሚያ ብሎን መንካት አያስፈልግም። ስስ አየር ቀስ ብሎ ስለሚቀጣጠል ዲስትሪቢዩተሩ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ቀደም እንዲል ቢደረግ ይጠቅማል፤ ዳገት ላይ የብረት መንቋቋት ከተሰማ ግን ወዲያውኑ ይመለሳል።

ፍተሻው በበሽሎ

ከወገል ጤና ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ወደ በሽሎ ወንዝ ሸለቆ ወርዶ በኩታበር በኩል መልሶ ስለሚወጣ፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አይገኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲያመሩ የደላንታን አምባና ይህን ወንዝ ማለፍ ነበረባቸው፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያደከመ ዳገት ለ1300 ሞተር ቀልድ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ከሸለቆው ወደ አምባው በሚመለሱበት ጊዜ፣ ሞተሩ ጉልበት እያወጣ ሳለ መኪናዋ በአስተማማኝ ዳር ቆማ ወዲያው ትጠፋለች፤ ካንዴላው ለእጅ ሲበርድ ይፈታል። ጫፉ እንደ ገብስ ቆሎ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ቤንዚኑና አየሩ ተስማምተዋል። እንደ ምጣድ ሥር ጥላሸት ከጠቆረ ጂግለሩ ገና ሰፊ ነው። እንደ አመድ ከነጣ ግን ቤንዚኑ ከመጠን በላይ ቀንሷልና በዚያው ጂግለር ጉዞ መቀጠል ፒስተን እስከ መብሳት ያደርሳል።

ለላንድ ክሩዘር ባለቤት

በላስታ መንገድ ከቮልስ ይልቅ የሚበዛው አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነው። ባለ ቤንዚኑ 2ኤፍ ሞተር ካርቡሬተር ስላለው ከላይ የተባለው በመሠረቱ ይሠራበታል። ናፍጣ ለሚጠጡት፣ እንደ 1ኤች.ዜድ. ላሉት፣ በቤት ሊሠራ የሚችለው በፊልትሮው በኩል ያለው ብቻ ነው፤ የአየሩን አፍ በመስኮቱ ጎን ወደ ጣራ ከፍ የሚያደርግ ቧንቧ ከፊት ያለ መኪና የሚያስነሣው አቧራ ቀለል ካለበት ከፍታ አየር ያመጣል፤ በጫፉ ላይ አየሩን አሽከርክሮ አቧራውን ወደ ጎን የሚጥል ቅድመ ማጣሪያ ቢታከልበት ደግሞ የወረቀት ፊልትሮው ዕድሜ በእጅጉ ይረዝማል። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ በፋሸታ ካልጠበቁ ግን ቧንቧው ጌጥ ነው። ደጋ ላይ የሚታየውን ጥቁር ጭስ ለማጥፋት የናፍጣ ፖምፓውን መቀነስ በመለኪያ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ በግቢ አይሞከርም።

ወደ ቆላ ሲወረድ

ለደጋ የጠበበ ጂግለር ለቆላ አደጋ ነው። 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ቆቦ የወረደች ቮልስ ወፍራም አየር እየሳበች ቤንዚኗ ስለሚያንሳት፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ፣ እንዲያውም ጉልበት የጨመረች እየመሰለች ውስጧ ይግላል። ስለዚህ የወጣው ሰፊ ጂግለር ቁጥሩና የሚያገለግልበት ከፍታ በወረቀት ተጽፎ፣ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከአንድ ልከኛ ካቻቢቴ ጋር በመኪናዋ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወልድያ ላይ ምሳ ተበልቶና ቡና ተጠጥቶ ሞተሩ እስኪበርድ ከተጠበቀ በኋላ መለወጡ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።